እናቴ በ81 ዓመቷ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ኦፕራሲዮን ትችላለች? (ከመልስ 1 እስከ 46 የተባባልነው)

በዚህ መድረክ ይህን የጥያቄና መልስ ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው በስልኬ የጻፍኩት። አሁን መልሱ 46 ደርሷል። የተሰረዙ አሉ፣ ከርእሱ የወጡ አሉ፣ ተቀያይመው የተለያዩም አሉ። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ሰው በውስጥ መስመር እናቴ ወደቀች፣ አባቴ ወደቀ እያለ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ጭንቅ ላይ ላለ ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንብብ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ የተባለውን በራሴ ቃል በየቁጥሩ ልንገራችሁ፤ የተቀበልኩትንና ያልተቀበልኩትንም አልደብቅም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። እማዬ ሌሊት ለሽንት ተነስታ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ወደቀች። ስናነሳት ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሮ፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረዋል። ራጅ ተነሳች፤ የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ፣ ማለትም ዳሌው ውስጥ ከሚገባው ክብ ራሱ ሥር፣ ተሰብሯል ተባለ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አለ። አክስቴ በዚህ ዕድሜዋ ቢላ አይንካት፣ የሰፈራችን ወጌሻ ይዩዋት አለች። ታላቅ ወንድሜ ከሜሪላንድ ደውሎ እሱ ሳይደርስ ምንም ነገር እንዳንፈርም አስጠነቀቀ። እኔ መሃል ቀረሁ። ያረጀ ሰው ይህን ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 1 አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ጸሐፊዋ እግዚአብሔር ይማርልሽ ካለች በኋላ ምንም ምክር አልሰጠችም፤ ጥያቄ ብቻ ደረደረች። ስትወድቅ ጭንቅላቷን መትቷታል ወይ? ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች ወይ? ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ አለባት ወይ? ከመውደቋ በፊት አዞሯት ነበር ወይስ እግሯ ተንሸራቶ ነው? ከአራቱ ሦስቱን መመለስ አልቻልኩም። ሁላችንም እግሯን ስናይ ራሷን ያየ ሰው አልነበረም። ይህ መልስ ወደ ታች ስንወርድ ይመለሳል።

መልስ 2 እና 3 ጸሎትና ማጽናኛ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ትልቅ ነገር ነበሩ።

መልስ 4 የጻፈው ሰው አባቱን በተመሳሳይ ስብራት ያጣ ነው። ቤተሰቡ አርጅተዋል፣ አናሠቃያቸው ብሎ ወደ ቤት ወሰዳቸው። እግራቸው በክብደት ተጎትቶ አሥራ አንድ ሳምንት ተኙ። በመጀመሪያ መቀመጫቸው ላይ ቀላ ያለ ነገር ታየ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥንት የሚያሳይ ቁስል ሆነ። ከዚያ ሳል ጀመራቸው፤ ሳንባቸው ታመመ። ልጁ ማንንም ሳይወቅስ፣ አባቱን የገደላቸው አጥንቱ ሳይሆን አልጋው መሆኑን ጻፈ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ እማዬ ተመልሼ ጀርባዋን በእጄ ዳሰስኩ።

መልስ 5 የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) የሆነ ሰው ነው፤ በክሩ ውስጥ ረጅሙ ይኸው ነው። ዳሌ ተሰበረ ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር እንደሆነ አስረዳ። ስብራቱ አንገቱ ላይ ሲሆንና አጥንቱ ከቦታው ሲለቅ፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም በዚያው በአንገቱ በኩል ስለሚያልፍ ይቋረጣል። የአጥንቱ ራስ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ወር ቢተኛ፣ ዓመት ቢተኛ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም። ስለዚህ በአረጋውያን ላይ ብዙ ጊዜ የሞተው ራስ ወጥቶ በብረት ይተካል። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ የተሰበረ ከሆነ ግን ደም ስለሚያገኝ በሚስማር ወይም ብሎን ባለው ብረት ይታሰራል። ዕድሜ ብቻውን ከኦፕራሲዮን እንደማይከለክል፣ ዘጠና የሞላቸው ሰዎችም እንደሚደረግላቸው፣ ብዙ ጊዜም ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ እንደሚሠራ ጨመረ። እንግሊዞች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው መመሪያቸው እንዲህ ያለ በሽተኛ ሆስፒታል በደረሰበት ዕለት ወይም በማግስቱ እንዲሠራለት ይላሉ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ሕመሙንና መተኛቱን አነሳ፦ የተሰበረ ዳሌ ያለበት ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚያመው አይገላበጥም፣ ጠልቆ አይተነፍስም፣ በደንብ አይበላም።

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ሰው ተቆጥቶ ገባ። በመጽሐፍ ማውራት ቀላል እንደሆነ፣ አክስቱ ግን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ብረት የለም፣ ደም የለም፣ ተራ አልደረሰም እየተባለ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኮሪደር ላይ እንደተኙ ጻፈ። አልፎም፣ ዳሌ ከተሰበረባቸው አረጋውያን ከ20 እስከ 30 በመቶው በዓመት ውስጥ እንደሚሞቱ አንብቦ ስለነበር፣ ታዲያ ቢላው ምን ሊጠቅም ነው ሲል ሞገተ።

መልስ 7 ያው ሬዚደንት ነው። እንዳከብረው ያደረገኝ ስለ ወረፋው አለመካዱ ነው። ብረት የሚጠፋበት፣ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ በመኪና አደጋ በተጎዱ ወጣቶች የሚሞላበት፣ አረጋዊው ነገ ይደርሳል እየተባለ የሚገፋበት ጊዜ እንዳለ አመነ። ቁጥሩን ግን አረመው፦ ያ አሃዝ በብዛት ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች ያሉበት ነው፤ የሚናገረውም ስብራቱ በደከመ ሰው ላይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው። ሳይሠራላቸው የሚተኙት ላይ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ከዚያ ወረፋ እስኪደርስ አስታማሚ ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፈ። ማስታገሻ ሲያልቅ እስክትጮህ አትጠብቁ፣ ሰዓቱን ይዛችሁ ነርሷን ጠይቁ። በየሁለት ሰዓቱ በትራስ እየደገፋችሁ አዘንብሏት። ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ትራስ አድርጉ። የአልጋውን ራስ ከፍ አድርጉት፤ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ጠልቃ ትተንፍስ። ውኃ አትከልክሏት፤ ለኦፕራሲዮን ባዶ ሆድ ያስፈለገበት ቀን ካልሆነ በቀር ምግብም እንዲሁ። ይህን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጬ አልጋዋ ላይ ለጠፍኩት። የተረከዙን ነገር ግን ግማሹን ችላ አልኩ። እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ እኔ ገብቼ እማዬ ወተትም እንቁላልም እንቢ እንዳለች ጻፍኩ፤ ጾም ነው፣ አልፈታም ብላለች። መልስ 8 የሰጡት አባት፣ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስጨንቅ ገልጸው የነፍስ አባቷን አምጪላት አሉኝ። በማግስቱ የነፍስ አባቷ መጥተው አልጋዋ ዳር ቁጭ ብለው ነገሯት። እሳቸው በነገሯት ቀን ሁለት እንቁላል በላች። ሐኪሙም እኔም ሦስት ቀን ለምነናት ነበር። ይህን ለሌሎች ልጆች ደጋግሜ እነግራለሁ፤ የቁስል መዳን ያለ ምግብ አይታሰብም፣ እናቶቻችን ደግሞ የሚሰሙት ሰው አለ።

መልስ 9 ወጌሻን የሚደግፍ ነበር። አያቱ በወጌሻ ድነው ዓመታት እንደሄዱ፣ ሐኪሞች ባህላችንን እንደሚንቁ ጻፈ። መልስ 10 በጣም ሻካራ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ እስከ ማለት ደረሰ። መልስ 11 ተሰርዟል፣ የመድረኩ ጠባቂም ሁለቱን አስጠነቀቀ። ከሁለቱም የጠቀመኝ መልስ 12 ነው። ከባሕር ዳር የጻፈች ነርስ ናት፤ አባቷ ራሱ በሰፈሩ ወጌሻ ነበር። ወለምታና የክንድ ስብራት አባቷ ሲያሽ አይታ አድጋለች፤ አትንቅም። ነገር ግን በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ ጠቁሮ ሲቆረጥም በሥራ ላይ አይታለች። ዳሌ ደግሞ ከጥልቅ ሥጋ ሥር ያለ መገጣጠሚያ ስለሆነ የሚያስረው እንጨት የለም። ከአንገቱ የተሰበረ ሰው ታሽቶ ተራመደ ሲባል፣ ወይ አልተሰበረም ነበር፣ ወይ አጥንቱ ሳይለቅ ተቆላልፎ ነበር። የመልስ 9 ጸሐፊ አያቱ ራጅ ተነስተው እንደሆነ ጠየቀችው። ተነስተው እንዳልነበር በጨዋነት መለሰላት። አክስቴን ዝም ያሰኘልኝ ይህ ነው፤ ሬዚደንቱን ባነብላት አትሰማም ነበር፣ የወጌሻ ልጅ ስትናገር ግን ሰማች።

በሦስተኛው ሌሊት እማዬ ተለወጠች። ከሞተች ሃያ ዓመት ካለፋት እህቷ ጋር ታወራለች፣ የእጇን መርፌ ትነቅላለች፣ እኔን ማን ነሽ ትለኛለች። መልስ 13 የእኔው ነው፤ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ። መልስ 14 የመጣው እንግሊዝ አገር አረጋውያን ክፍል ውስጥ ከምትሠራ ነርስ ነው። እንዲህ ያለው ድንገተኛ መቃዠት ጃጀች ማለት እንዳልሆነ፣ ዳሌ በተሰበረባቸው አረጋውያን ላይ በጣም እንደሚያጋጥም፣ ብዙ ጊዜም እንደሚመለስ አረጋጋችኝ። ምክንያቱን ፈልጉ አለች፦ ሕመም፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ሽንት መቋጠር፣ የሆድ ድርቀት፣ የውኃ እጥረት፣ ትኩሳት፣ አዲስ መድኃኒት። መነጽሯን አድርጉላት፣ ቀን መጋረጃውን ክፈቱ፣ ሌሊት አታነጋግሯት፣ የምታውቀው አንድ ሰው አጠገቧ ይሁን፣ አትከራከሯት። ዝም ብሎ ፈዝዞ የሚተኛውም ያው ሕመም እንደሆነ፣ ስለማይረብሽ ግን ማንም እንደማያየው አከለች። የእማዬ መነጽር ቤት ቀርቶ ነበር። ሽንቷም ተቋጥሮ ነበር፤ ቱቦ ሲገባላት በዚያው ማታ ስሜን ጠራች።

መልስ 15 ላይ ይህችው ነርስ አንድ ነገር ጨመረች፤ ወደ ጎን ቢሆንም እኔ ወደድኩት። በእንግሊዝ ሄስቲንግስ በምትባል ከተማ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ የአጥንት ሐኪምና አንድ የአረጋውያን ሐኪም ዳሌያቸው የተሰበረ ሰዎችን አብረው ማየት ጀመሩ፤ ዛሬ ዓለም የሚከተለው አሠራር መነሻው እዚያ ነው። አንዱ አጥንቱን፣ ሌላው ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ አእምሮውን ያያል። የእኛ ወላጆች በአጥንት ክፍል ሲተኙ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን በየቀኑ የሚጠይቅ አስታማሚ ካልሆነ ማን ነው?

መልስ 16 ወንድሜን የሚመለከት ነበር። ከውጭ አገር በስልክ የሚያዝዙ ልጆች ብር ስለላኩ ብቻ እናታቸውን ያስገድላሉ አለ ጸሐፊው። ከባድ ቃል ነው። አነበብኩትና ግማሹ ልቤ ደስ አለው፤ ደስ በማለቱም አፈርኩ። መልስ 17 ግን ቀየረኝ። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ነው። እሱም እኔ ሳልደርስ አትንኳት ብሎ ነበር። ያሰበው ብትሞት እንኳ ፊቷን ላያት ነው እንጂ ሕክምናውን ተቃውሞ አልነበረም። ትኬት እስኪያገኝ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ የደረሰው ከቀብሯ በማግስቱ ነበር። ለወንድሜ የመልሱን ፎቶ ላኩለት። ሃያ ደቂቃ ዝም አለ። ከዚያ ደውሎ ፈርሚ አለኝ፤ በቪዲዮም ሐኪሙን ራሱ አነጋገረ።

መልስ 18 ወደ መልስ 1 ተመለሰ፤ ስለ ጭንቅላት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ስለ ራሳቸው ጻፉ። ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው ግንባራቸው ትንሽ አበጠ፣ ረሱት። በአምስተኛው ሳምንት እንቅልፍ አበዙ፣ አንድ እግራቸው መጎተት ጀመረ፣ ቤተሰቡ ዕድሜ ነው አለ። ምራታቸው አስገድዳ ሲቲ ስካን አስነሳቻቸው፤ አንጎላቸውን የሚጫን አሮጌ ደም ነበር። የራስ ቅላቸው ተበስቶ ደሙ ወጣና ዛሬ ራሳቸው ይጽፋሉ። መልስ 19 የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው፤ ምክንያቱን አብራራ። አንጎል በዕድሜ ሲኮማተር ከራስ ቅሉ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ ትንሽ ምት ይበጥሳቸዋል፣ ክፍተት ስላለም ደሙ ለሳምንታት ምልክት ሳያሳይ ይጠራቀማል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ አረጋዊ ጭንቅላቱን ከተመታ ደህና ነኝ ቢልም ሲቲ ያስፈልገዋል ብሎ አስጠነቀቀ። ሌላም ብዙ ቤተሰብ የማያውቀውን አከለ፦ ግፊቱ ሁልጊዜ 160 የነበረ አባት ከአደጋ በኋላ 110 ሲሆን ጥሩ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ለእሱ ግን ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። አቴኖሎል የተባለውን የልብ ምት የሚያዘገይ የግፊት ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የልብ ምቱም አይፈጥንም፣ ስለዚህ ምልክቱ ይደበቃል። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ።

ከመልስ 20 እስከ 27 ወሬው ሄደ። ከአራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም እናታቸውን በወንበር ተሸክመው ያወረዱ ሁለት ወንድማማቾች ሊፍት የሌለው ሕንፃ ለአረጋዊ እስር ቤት እንደሆነ ጻፉ፤ ትክክል ናቸው። ከዚያ ስለ ዕጣ፣ ስለ ሥራ ተቋራጭ፣ ስለ ፖለቲካ ሆነ፤ አልፈዋለሁ። በመሃል ሁለት ጥሩ ነገር ነበር። መልስ 23 የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ሌሊት ከአልጋ በቀጥታ እንዳይነሱ፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት ደቂቃ እግር ወርውረው እንዲቀመጡ መከረ። መልስ 26 ሌሊቱን ሙሉ የምትበራ አነስተኛ አምፖልና በአልጋ ሥር የሚቀመጥ ፖፖ ስንት ዳሌ እንዳተረፉ አስታወሰ። እማዬ የወደቀችው መብራት እንዳይቆጥር ብላ በጨለማ ሄዳ ነው።

መልስ 28 የመልስ 25ን ምክር አጥብቆ ተቃወመ። የ25ቱ ጸሐፊ ጎኑ የተሰበረ አባት ደረቱን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ይታሰር ብሎ ነበር። የ28ቷ ሐኪም ይህ ሳንባን እንደሚያፍንና ለሳንባ ምች እንደሚዳርግ ጻፈች። ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በአሜሪካ የተደረገና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በተሰበረው የጎን አጥንት ብዛት ልክ፣ በእያንዳንዱ ተጨማሪ አጥንት የመሞት ዕድል 19 በመቶ፣ የሳንባ ምች ደግሞ 27 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። መታሰር ሳይሆን ማስታገሻ፣ ጥልቅ ትንፋሽና ማሳል ነው የሚያስፈልገው። የ25ቱ ጸሐፊ ይቅርታ ጠይቆ ምክሩን ሰረዘ። በዚህ መድረክ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አላይም።

ከ29 እስከ 32 ስለ ገንዘብ ነው፤ ማን ነፃ ታከመ፣ ማን ብረት ከውጭ ገዛ፣ የጤና መድን ምን ይሸፍናል። ሁሉም የራሱን አይቶ ሌላውን ውሸታም አለ። የቦታና የጊዜ ልዩነት ስለሆነ ከዚያ የምወስደው የለም።

መልስ 33 ከክፍለ ሀገር የጻፈ የቀዶ ጥገና ክፍል ባለሙያ ነው። ሳይን የተባለው አጥንት ውስጥ የሚገባ ሚስማር በቀዶ ጥገና ጊዜ ቀጥታ የሚያሳየው የራጅ መሣሪያ ሳይኖርም ስለሚገባ ከአዲስ አበባ ውጭም መታከም እንደሚቻል ተስፋ ሰጠ። መልስ 34 ሬዚደንቱ ተመልሶ፣ ያ ሚስማር በዋናነት ለጭንና ለቅልጥም አጥንት መካከለኛ ክፍል እንደሆነ፣ ለእናቴ ዓይነት የአንገት ስብራት መልሱ እሱ እንዳልሆነ አረመ። ሁለቱም በትሕትና ነበር የተነጋገሩት።

መልስ 36 የእኔ ነው። በስድስተኛው ቀን ከወገብ በታች ደንዝዛ ግማሽ መገጣጠሚያዋ ተቀየረ። ሁለት የአጎቴ ልጆች ደም ለገሱ። በማግስቱ ፊዚዮቴራፒስቱ በዎከር አቆማት፤ እኔ ኦፕራሲዮን የተደረገው እግሯ ይሰበራል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ወንድሜ በስምንተኛው ቀን ሲደርስ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ግን የግራ ተረከዟ ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቶ ነበር። መልስ 37 ቆጣ ብሎ፣ መልስ 7 ላይ በግልጽ ተጽፎልሽ እንዴት ረሳሽው አለኝ። ያዘዘኝን ሁሉ ስሠራ ታማሚው እግሯ ላይ ብቻ ትራስ አድርጌ፣ በደህናው እየገፋች ስትንቀሳቀስ መቆየቷን አላየሁም። ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት ወር ፈጀ። እግሯን ከጠገነው ኦፕራሲዮን ይልቅ ያ ተረከዝ ነው ያዘገያት። እባካችሁ ሁለቱንም ተረከዝ፣ በየቀኑ፣ በብርሃን እዩ።

መልስ 39 አጥንቱ ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከቁመቱ ብቻ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሰው አጥንቱ ሳስቷል ማለት ነው፤ ካልታከመ ሁለተኛው ዳሌ ሊከተል ይችላል። ወደ ቤት ስንሸኝ ይህን ማንም አልነገረንም። ለክትትል ስንመለስ ጠይቄ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የተባለ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዘዘላት። መልስ 41 አወሳሰዱን አስተካከለ፦ በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ፤ አለበለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። እማዬ ከዚያ በፊት አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር የምትውጠው።

መልስ 43 ትናንት ማታ የመጣ ነው። የ88 ዓመት አባቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጭቃ አንሸራቷቸው ወድቀዋል፤ ያው ዳሌ፣ ያው ወረፋ፣ ያው የቤተሰብ ክርክር። በ44 እና 45 ሰዎች ስለ ተረከዝ፣ ስለ መነጽር፣ ስለ ሽንት ነግረውታል። መልስ 46 ላይ ግን ማናችንም ልንመልሰው የማንችለውን ጠይቋል፦ አባቱ ለልባቸው ክሎፒዶግሬል የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ማደንዘዣ ሰጪው ስለ ወገብ መርፌው እያመነታ ነው፣ ቀኑ ይገፋ ወይስ በሌላ ማደንዘዣ ይሠራ ብሎ ይጠይቃል። የመልስ 5 ዶክተር፣ ይህን ካነበብክ ሰውየው ከትናንት ጀምሮ እየጠበቀህ ነው።